ለሞት ዕድር አለን፤ ለሥራ ማጣትስ?

አንድ አብሮ አደግ ጓደኛ አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ላፕቶፑን በጀርባው አንግቶ፣ እናቱን «ደህና ዋይ» ብሎ ከቤት ሲወጣ ከርሟል። የሚሄደው ግን ቢሮ አልነበረም። ቦሌ አካባቢ ዋይፋይ ያላት፣ በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን ብትቀመጥ ማንም የማይገላምጥባት ካፌ አለች፤ እዚያ ነው። ማታ አንድ ሰዓት ሲል የደከመው ሰው መስሎ ይመለሳል። «ሥራ እንዴት ዋለ?» ሲባል «ቢዚ ነበርን» ይላል።

ከሥራ ከተቀነሰ ሃያ ምናምን ቀን ሆኖታል። ቤት ውስጥ የሚያውቅ የለም።

እኔም ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው። ሰፈሬ መብራት ጠፍቶ ላፕቶፔን ቻርጅ ላደርግ እዚያች ካፌ ስገባ ጥግ ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት። ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ገና ሰላም ሳልለው «ለእናቴ እንዳትነግሪያት» አለኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የጻፈውን ዝርዝር አሳየኝ፤ ዘጠኝ የኦንላይን ኮርሶች ናቸው። «ምን እንደጎደለኝ ልወቅ ብዬ ነው» አለኝ።

ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው። ስሙን ግን እንተወው።

ይሠራበት የነበረው ድርጅት አዲስ አበባ ተቀምጦ አሜሪካ ላለ ደንበኛ ሶፍትዌር የሚሠራ፣ አርባ ገደማ ሠራተኞች ያሉት ነው። ደንበኛው ውሉን አቋረጠ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ አስራ አንድ ልጆች ወጡ። ጓደኛዬ እዚያ ሦስት ዓመት ሠርቷል፤ ስለ ሥራው አንድም ቀን ቅሬታ ቀርቦበት አያውቅም። እሱን እንቅልፍ የነሳው ጥያቄ ግን «ደንበኛው ለምን ሄደ?» የሚል አይደለም። «እኔ ምን ጎደለኝ?» የሚል ነው።

የዛሬው ጽሑፌ ይህ ጥያቄ ስህተት ነው ለማለት ነው። ስህተት ብቻም አይደለም፤ በብር የሚቆጠር ዋጋ ያስከፍላል። ጎረቤት ሲሞት «ምን አጥፍቶ ነው?» ብለን አንጠይቅም። ዕድር ይጠራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሐዘንተኛው ለብቻው አይተውም። ሥራ ሲጠፋ ግን ሰውየው ሸሚዙን ተኩሶ ካፌ ጥግ ይደበቃል። ይህን ልማድ እንቀይረው ባይ ነኝ።

ገንዘብ ርካሽ የነበረ ጊዜ

ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ስለሆንኩ ከሒሳቡ ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ኮቪድ ዓለምን ሲዘጋ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የወለድ ተመኑን ወደ ዜሮ አወረደው። ወለድ ማለት የገንዘብ ዋጋ ነው። ዕቃ ሲረክስ እንደምታበዙት ሁሉ ገንዘብም ሲረክስ ይበዛል። ከአስር ዓመት በኋላ ሊያተርፍ ይችላል የሚባል ሐሳብ ሁሉ ባለሀብት አገኘ። ሰው ቤቱ ስለተቀመጠ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ዋለ፤ በኢንተርኔት ገዛ፣ ተዝናና፣ ተማረ። የቴክ ኩባንያዎች ይህ ሁሉ እንደዚህ የሚቀጥል መስሏቸው ሠራተኛ አፈሱ። ፌስቡክንና ኢንስታግራምን የሚያስተዳድረው ሜታ በ2019 መጨረሻ 45 ሺህ ገደማ ሠራተኞች ነበሩት፤ በ2022 መስከረም ላይ ከ87 ሺህ አልፏል። የጉግል እናት ኩባንያ አልፋቤትም ከ119 ሺህ ገደማ ተነስቶ በ2022 መጨረሻ 190 ሺህ ደረሰ።

ከዚያ የዋጋ ንረት መጣ። ማዕከላዊ ባንኩ ከመጋቢት 2022 ጀምሮ ወለዱን ደጋግሞ ከፍ አደረገና በሐምሌ 2023 ከ5.25 እስከ 5.5 በመቶ አደረሰው። ገንዘብ ተወደደ ማለት ነው። መንግሥት ለሚሸጠው የዕዳ ሰነድ አምስት በመቶ እየከፈለ፣ ከአስር ዓመት በኋላ ሊያተርፍ ለሚችል አፕ ማን ገንዘቡን ይሰጣል? ሜታ በኅዳር 2022 11 ሺህ ሰው ቀነሰ፤ በመጋቢት 2023 ደግሞ ሌላ 10 ሺህ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ጉግል በጥር 2023 12 ሺህ፣ ማይክሮሶፍት 10 ሺህ፣ አማዞን 18 ሺህ ቀጥሎም 9 ሺህ። የሜታው ማርክ ዙከርበርግ ራሱ የኮቪዱ ጊዜ እድገት ዘላቂ መስሎት እንደተሳሳተ በግልጽ ጽፏል። ልብ በሉ፤ የተሳሳተው አለቃው ነው። የተቀነሰው ሠራተኛው ነው።

ከዚያ ወዲህ ወለዱ ዝቅ እያለ ቢመጣም የዜሮው ዘመን አልተመለሰም።

ሁለተኛው ምክንያት እኛ ሰፈር ብዙ አይወራም፤ ግን እኛን በቀጥታ ይነካል። አሜሪካ በ2017 ያወጣችው የግብር ሕግ ከ2022 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነ አንድ አንቀጽ ነበረው። ኩባንያዎች ለሶፍትዌር ሥራ ያወጡትን ወጪ እንደ በፊቱ በዚያው ዓመት ከገቢያቸው ላይ መቀነሳቸው ቀረ። አገር ውስጥ የተሠራውን በ5 ዓመት፣ ውጭ አገር የተሠራውን በ15 ዓመት ከፋፍለው እንዲቀንሱ ተገደዱ። በምሳሌ ላስረዳ። አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር አስገባ እንበል፤ ያንኑ 1 ሚሊዮን አዲስ አበባ ላሉ ፕሮግራመሮች ከፈለ። ኪሱ ውስጥ ምንም አልቀረም። በግብር ሒሳብ ግን በዚያ ዓመት መቀነስ የሚችለው ከ70 ሺህ ዶላር ያነሰ ስለሆነ፣ ከ900 ሺህ ዶላር በላይ እንዳተረፈ ተቆጥሮ ግብር ይጠየቃል። በሐምሌ 2025 ሕጉ ሲሻሻል ለአገር ውስጡ ሥራ የድሮው አሠራር ተመለሰ። ለውጭው ግን 15 ዓመቱ እንዳለ ቀረ።

ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው ማኪያቶውን አስቀምጦ ዝም አለ። የእሱ ድርጅት ደንበኛ የሄደው በዚህ ምክንያት ነው አላልኩም። ማለት የፈለግኩት ሌላ ነው፦ ዋሽንግተን ውስጥ የሚጻፍ የግብር አንቀጽ ቦሌ የተቀመጠን ፕሮግራመር ውድ ወይም ርካሽ ሊያደርገው ይችላል። ልጁ ኮድ አጻጻፉን ለውጦ ሳይሆን በዚያው ችሎታው፣ በዚያው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ። ይህን ደግሞ የትኛውም ኮርስ አያስተካክልለትም።

«ኤአይ ነው የበላን»

አሁን የሁላችሁም ጥያቄ ይመጣል። ቻትጂፒቲ የወጣው በኅዳር 2022 ነው፤ የመጀመሪያው ትልቅ የቅነሳ ማዕበል በተነሳበት ወር። ስለዚህ ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ያን ጊዜ የተቀነሱትን ሰዎች ግን ቻትጂፒቲ አልቀነሳቸውም፤ ገና ከእንቁላሉ መውጣቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን የተለየ ነው። ማይክሮሶፍት በሰኔ 2025 ባበቃው የበጀት ዓመቱ ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ የተጣራ ትርፍ አግኝቷል። በዚያው በ2025፣ በግንቦት 6 ሺህ ገደማ፣ በሐምሌ ደግሞ 9 ሺህ ገደማ ሠራተኞች እንደሚቀንስ አስታወቀ። ለዚያ የበጀት ዓመት ለኤአይ ዳታ ሴንተሮች የመደበው 80 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር። ስለዚህ ሰው የሚቀነሰው ድርጅት ሲከስር ብቻ አይደለም። ገንዘቡ ከደሞዝ ወደ ማሽን ሲዞርም ይቀነሳል።

ማሽኑ ሥራውን በትክክል ይተካል ወይ? አንዳንዴ አዎ፣ አንዳንዴ አለቆቹ ቸኩለው ነው። የስዊድኑ የክፍያ ኩባንያ ክላርና በ2024 መጀመሪያ ላይ የኤአይ ረዳቱ የ700 የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞችን ሥራ እየሠራ ነው ብሎ ነበር። በ2025 ደግሞ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ጥራቱ እንደወረደ አምኖ እንደገና ሰው መቅጠር ጀመረ። ማለትም ሰዎቹ ዋጋ አልነበራቸውም ማለት አልነበረም። አንድ ሙከራ ተሞክሮ አልሠራም፤ የሙከራውን ወጪ ግን ሠራተኛው ከፈለ።

ለእኛ ለወጣቶቹ የሚያሰጋው ይልቅ ሌላ ነገር ነው፤ የመሰላሉ የመጀመሪያ እርከን። ድሮ ጁኒየር ተቀጥሮ የሚሠራቸው ትንንሽ ሥራዎች አሉ፤ ቀላል ስህተት ማረም፣ ቴስት መጻፍ፣ ሪፖርት ማውጣት። ሰው ሲኒየር የሚሆነው እነዚህን እየሠራ፣ እየተሳሳተ፣ እየተቆጣ ነው። አሁን አንድ ሲኒየር እነዚህን ለኤአይ ሰጥቶ ይገላገላል። ለድርጅቱ ዛሬ ወጪ ቀነሰ። ነገ ሲኒየር ከየት ሊመጣ ነው የሚለውን ግን ማንም የራሱ ጉዳይ አድርጎ አይወስደውም፤ ሁሉም ሌላው ድርጅት አሠልጥኖ እንዲሰጠው ይጠብቃል።

ችሎታ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ተማሩ፣ ኮርሱንም ውሰዱ። ችሎታ ከተቀነሱት መሃል ማን ቀድሞ ሥራ እንደሚያገኝ ሊወስን ይችላል። ስንት ሰው እንደሚቀነስ ግን አይወስንም። ሁለቱን ስናምታታ ነው ሀፍረት የሚገባው።

ሀፍረት ስንት ብር ነው?

ገንዘብ ያስከፍላል ብዬ ነበር። ስንት? የጓደኛዬን ሒሳብ እንሥራው።

የተቀነሰ ዕለት የሰው ሀብት ክፍል ጠርቶ ሁለት ወረቀት አቀረበለት። አንደኛው የመሸኛ ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው «በራሴ ፈቃድ ሥራዬን ለቅቄያለሁ» የሚል ነው። «ተቀነሰ ከሚባል ለሲቪህ ይሄ ይሻልሃል» አሉት። በዚያች ሰዓት ልጁ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማንም ሳያየው ከዚያ ሕንፃ መውጣት። ፈረመ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ምን ይላል? ከ20 እስከ 50 ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ውስጥ ቢያንስ አምስት ሰው ከአስር ተከታታይ ቀናት በማያንስ ጊዜ ውስጥ ሲቀነስ፣ ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ደግሞ ቢያንስ አስር በመቶው ሲቀነስ፣ ይህ በሕግ «የሠራተኛ ቅነሳ» ይባላል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በቅነሳ ሲሰናበት የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። የስንብት ክፍያ አለው፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ። በዚህ ላይ፣ ቅነሳ ስለሆነ ብቻ ተጨማሪ የ60 ቀን ደሞዝ አለ። ያልተጠቀመበት የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል።

የወር ደሞዙ 30 ሺህ ብር የሆነ፣ ሦስት ዓመት የሠራ ሰው እንውሰድ። በግርድፉ ስናሰላው ለመጀመሪያው ዓመት 30 ሺህ፣ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው አስር አስር ሺህ፣ ድምሩ 50 ሺህ። ተጨማሪው የ60 ቀን ደግሞ 60 ሺህ። አንድ ላይ 110 ሺህ ብር። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያውን ጨምሩበት። «በራሴ ፈቃድ» ብሎ የፈረመ ባለ ሦስት ዓመት ሠራተኛስ? በተለመደው አካሄድ የስንብት ክፍያ የለውም። የአንዲት ፊርማ ዋጋ ይህን ያህል ነው። አሠሪው የተጠቀመው በሕግ ቀዳዳ አይደለም። በልጁ ሀፍረት ነው።

ስለዚህ ማንም እንዲህ ዓይነት ወረቀት ሲያቀርብላችሁ «ወስጄ አንብቤው ልመለስ» በሉ። ይህን ማለት ነውር አይደለም። ጊዜውም እንዳያልፍባችሁ፤ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር፣ ከስንብት ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ተቀጣሪ ለሆነ ሰው ነው። ብዙዎቻችን በፍሪላንስ ወይም «ኮንትራክተር» በሚል ውል ነው የምንሠራው። እዚያ ላይ የሚጠብቃችሁ አዋጁ ሳይሆን የፈረማችሁት ውል ነው። የማቋረጫ አንቀጹን ዛሬ ማታ አንብቡት። ሳይደርቅ በእርጥቡ ይላል አገሬው።

ስልክ የማያነሳው ወንድም

ይህ ሀፍረት እዚህ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ። አማዞን ሁለተኛ ዋና መሥሪያ ቤቱን ያቆመው አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ነው፤ ከዋሽንግተን ዲሲ ማዶ፣ አበሻ በብዛት ከሚኖርበት አካባቢ። የመጀመሪያው ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለባት ሲያትልም እንደዚያው ናት። ከእነዚያ ቢሮዎች ውስጥ የኛ ሰዎች አሉ። ኤችዋንቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ ያለ ሰው ሥራው ሲቋረጥ እስከ 60 ቀን ብቻ ነው የሚሰጠው። በዚያ ውስጥ ሌላ ቀጣሪ ካላገኘ ወይም ቪዛውን ካልቀየረ አገሩን ለቅቆ መውጣት አለበት። የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም በስድሳ ቀን ውስጥ ይንጠለጠላል።

ያ ሰው ግን ለበዓል ብር ይልካል። «ዘንድሮ አልቻልኩም» ማለት ስለሚከብደው ከክሬዲት ካርድ አውጥቶ ይልካል። እኛ ደግሞ እዚህ ሆነን «ሀብታም ሆኖ ስልክ ማንሳት ተወ» እንላለን። አሜሪካ ወይም ጀርመን ያለ ወንድማችሁ ድምፁ ከጠፋ፣ በዚህ ሳምንት ስለ ብር ሳታነሱ ደውሉለት። «ሥራ እንዴት ነው?» ሳይሆን «አንተ እንዴት ነህ?» በሉት።

አንድ ወር፣ ሁለት ዜና

ወደ አገራችን ስመለስ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ትዝ ይለኛል። በዚያ ወር ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው፣ ከተባበሩት አረብ ኤሚሬቶች ጋር በመተባበር የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ተጀመረ። ሁለተኛው፣ የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

ሁለቱን አንድ ላይ አንብቧቸው። በብር ደሞዝ የሚኖር ወጣት ደሞዙ ዓይኑ እያየ ሲቀልጥ አየ፤ በዚያው ሰሞን ደግሞ በነፃ ኮዲንግ ተማር ተባለ። ውጤቱ ግልጽ ነው። ሪሞት ሥራና ዶላር የአንድ ትውልድ ሕልም ሆነ። ቴሌግራም ላይ በየደቂቃው «በሦስት ወር ኮዲንግ ተምረህ በዶላር ተከፈል» የሚል ማስታወቂያ የሚመጣው ለዚህ ነው።

ሥልጠናውን አልቃወምም። ኮድ የሚገባው ሰው መብዛቱ በየትኛውም መስክ ጥቅም ነው። ግን ሥልጠና የገበያውን አንድ ወገን ብቻ ነው የሚያሰፋው፤ ሠሪውን። ሥራውን አያሰፋም። ሠሪው በዝቶ ሥራው ባለበት ከቆመ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ዝናብ ጥሩ በዘነበ ዓመት የቲማቲም ዋጋ ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል።

ስለዚህ ለአሠሪዎች አንድ ነገር እላለሁ። ብዙዎቹ ባንኮቻችን ዋናውን የባንክ ሶፍትዌራቸውን የገዙት ከውጭ ነው። ይግዙ፤ ችግር የለም። ግን በዚያ ትልቅ ውል ውስጥ «ሻጩ ይህን ያህል ጀማሪ የአገር ልጅ አብሮ አሠርቶ ያሠለጥናል» የሚል አንቀጽ ማስገባት ምን ያህል ይከብዳል? መንግሥትም ሲገዛ እንደዚያው። ሰርተፊኬት በሚሊዮን ከመቁጠር ጎን ለጎን፣ የመጀመሪያ ሥራውን ያገኘው ሰው ስንት ነው ብሎ መቁጠርም ይጀመር። የመሰላሉን የመጀመሪያ እርከን ካልሠራን ላይኛው ላይ የሚቆም ሰው አይኖረንም።

የሥራ ዕድር

እስከዚያው እኛስ ምን እናድርግ? በአገራችን ሥራ ላጣ ሰው የሚከፍል የመድን ሥርዓት የለም። ከግል ድርጅት ሠራተኛ ደሞዝ ለጡረታ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል፤ ያ ግን ለእርጅና፣ ለአካል ጉዳትና ለሞት ነው። የሥራ አጥነት መድን እንዲኖር መጠየቅ አለብን። መልሱ እስኪመጣ ግን እጃችን ላይ ያለ ነገር አለ።

ሃያ ጓደኛሞች በወር አንድ አንድ ሺህ ብር ቢያዋጡ በዓመት 240 ሺህ ብር ይሆናል። ከመሃላቸው ሥራው ለተቀነሰ ሰው ለሦስት ወር፣ በወር 20 ሺህ ብር ቢሰጥ 60 ሺህ ነው። በዓመት አራት ሰው ይሸከማል ማለት ነው። ዕቁብ የጣለ ሁሉ ይህን ማስተዳደር ያውቅበታል።

ደንብ ግን ይፈልጋል። አንደኛ፣ አባላቱ ሁሉ የቴክ ልጆች አይሁኑ። ማዕበሉ ሲመጣ ሁሉንም በአንድ ቀን ይመታቸዋልና ሣጥኑ በአንድ ወር ያልቃል። ነርሷም፣ አስተማሪውም፣ የሒሳብ ሠራተኛዋም ይግቡ። ሁለተኛ፣ የገባ ሰው ስድስት ወር ሳይሞላው አይከፈለው፤ አለበለዚያ ቀድሞ የሚመዘገበው ነገ እንደሚቀነስ የሰማው ነው። ሦስተኛ፣ ለተቀነሰ እንጂ ተናድዶ ለለቀቀ አይሁን።

«ሰው ያጭበረብራል» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ሊኖር ይችላል። ግን ዕድርም የቆመው ሰው ሁሉ መልአክ ስለሆነ አይደለም። የሚተዋወቁ ሰዎች ስለሆኑ ነው።

ከገንዘቡ በላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ዕድር ሲኖርህ የምትደውልለት ሰው አለህ። ያ ወረቀት ፊትህ ሲቀርብ ሽንት ቤት ገብተህ ትደውላለህ፤ አንዱ «እንዳትፈርም!» ይልሃል። ጓደኛዬ የጎደለው ይህ ነው። ዘጠኙ ኮርሶች ውስጥ የለም።

ማጠቃለያው

ከዚያ ማክሰኞ በኋላ አንድ የሕግ ባለሙያ ዘንድ ሄድን። የፈረመው ወረቀት ነገሩን አክብዶታል፤ በአንድ ሳምንት አስራ አንድ ሰው በአንዴ «በራሱ ፈቃድ» መልቀቁን ማንም ዳኛ ዝም ብሎ የሚያልፈው ነገር እንዳልሆነ ግን ነገሩን። ሌሎቹን አስር ልጆች እያፈላለገ ነው። አራቱን አግኝቷል። ከአራቱ ሦስቱ እስካሁን ለቤተሰብ አልተናገሩም።

እሱ ግን ተናገረ። እሑድ ቡና እየተፈላ ሳለ ለእናቱ ነገራት። ታለቅሳለች ብሎ ነበር የፈራው። እሷ ረከቦቱን አስተካክላ፣ ሲኒውን ሰጥታው፣ «እና ሦስት ሳምንት ሙሉ ካፌ ማኪያቶ እየገዛህ ነበር? ቤት ቡና ጠፍቶ ነው?» አለችው።

ሥራ ገና አላገኘም። ጠዋት ግን ከቤት ነው ሲቪውን የሚልከው፤ ሸሚዙንም መተኮስ ትቷል።